የፀደይ ወፎች በመሀል አዲስ አበባ፦ በደብተር፣ በመተግበሪያ ወይስ በቴሌግራም እንመዝግብ?

ፀደይ ሲባል ብዙዎቻችን የአደይ አበባውን ወራት እናስባለን፤ በቀመሩ ግን ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ የበልግ ዝናብ የሚጥልበት ወቅት ነው። ለወፍ ተመልካች ይህ ቃል ማጣራት ብቻ አይደለም። በአውሮፓ ፀደይ ወፎች የሚመጡበት ጊዜ በመሆኑ ሰው ሁሉ የሚሽቀዳደመው የመጀመሪያዋን ወፍ ያየበትን ቀን ለመመዝገብ ነው። እኛ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። ሰሜኑ ዓለም በብርድ በተያዘባቸው ወራት አዲስ አበባ ላይ የከረሙት ተሰዳጅ አእዋፍ በመጋቢትና በሚያዝያ ተነሥተው ወደ መራቢያቸው ይመለሳሉ፤ ስለዚህ የዚህ ከተማ የፀደይ መዝገብ ዋና ጥያቄ ወፎቹ መቼ ሄዱ የሚለው ነው። መሄድ ደግሞ ፎቶ አይነሣም። ከዚህ በታች ያሉትን የመመዝገቢያና የማጋሪያ መንገዶች ያወዳደርኩት በመጀመሪያ በዚህ ሚዛን ሲሆን፣ ምቾቱም ሆነ የፎቶው ውበት ከዚያ በኋላ የሚታይ ነው።

ነገሩን በአንዲት ወፍ ላሳይ። በ6 ኪሎው የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ሣሩ ውኃ በጠጣበት ጠዋት፣ ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች የምትወዛውዝ፣ ከመብረር ይልቅ ፈጠን ፈጠን ብላ መራመድ የሚቀናት ቀጭን ወፍ ትታያለች፤ በእንግሊዝኛ የሎው ዋግቴል ይሏታል። ጥር ላይ አብዛኞቹ ደብዘዝ ያሉ ስለሆኑ ዓይን አይስቡም። መጋቢት ሲገባደድ ግን የወንዶቹ ደረት እንደ እርድ ቢጫ ይሆናል፤ ራሳቸው ግራጫ የሆኑትና ራሳቸው ጥቁር የሆኑት የተለያዩ ንዑስ ዝርያዎች በአንድ ሣር ላይ ተቀላቅለው ሲለቅሙ ይገኛሉ። ይህ ላባ የመራቢያ ላባ ነው፤ መንገድ ሊጀምሩ መሆኑን ይናገራል። አንድ ሳምንት አሥራ አምስት ይቆጥራሉ እንበል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስድስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ባዶ ሣር። ያንን ባዶ ሣር በትክክል የሚመዘግብልን የትኛው ነው?

የመጀመሪያው አማራጭ የማስታወሻ ደብተር ነው። ደብተርን የኋላ ቀር ሰው ምርጫ አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል፤ በተለይ በመሀል ከተማው። ከ4 ኪሎ እስከ ካዛንቺስ፣ ከዚያም እስከ ፍል ውሃ ድረስ ያለው ሰፈር የቤተ መንግሥትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰፈር ነው፤ ትልልቆቹና ያረጁት ዛፎች ያሉትም በአብዛኛው በእነዚሁ አጥሮች ውስጥ ስለሆነ ወፉም ያለው እዚያው ነው። እዚህ አካባቢ ረጅም ሌንስ ያለው ካሜራ አውጥቶ ወደ አጥር ማነጣጠር የሚያስከትለውን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እኔ እንኳን ካሜራ ሳልይዝ፣ በአንድ ግቢ አጠገብ ባይኖኩላሬን ገና ከአንገቴ ሳነሣ ጥበቃው መጥቶ ምን እንደማይ ጠየቀኝ። ወፍ እያየሁ መሆኔን ስነግረው «ወፍ ምን ይታያል?» አለኝ። ደብተሩን ከፍቼ የጻፍኩትን ባሳየው ጊዜ ነው ፊቱ የተፈታው፤ ባይኖኩላሩን ግን ወደ ቦርሳው እንድመልስ አድርጎኛል። ትእዛዙን ማክበር ነው እንጂ በእንዲህ ያለ ቦታ ክርክር አያዋጣም፤ በዓይንና በጆሮ ብቻ የሚለይ ብዙ ወፍ አለና።

የደብተር ትልቁ ጥቅም ግን ከጥበቃ ጋር ማስታረቁ አይደለም። ደብተር ላይ ዜሮ መጻፍ ይቻላል። በየሳምንቱ የሚጠብቋቸውን አሥር ወይም አሥራ ሁለት ወፎች ስም በግራ በኩል፣ ቀኖቹን ከላይ አድርገው ሠንጠረዥ ቢያሰምሩ፣ ባዶው ሣር የራሱ ሳጥን ይኖረዋል ማለት ነው። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ደብተሩ የሚያገለግለው ባለቤቱን ብቻ ነው፣ ሲጠፋም ሁሉም አብሮ ይጠፋል። በበልግ ደግሞ እስክሪብቶ አይታመንም። አንድ ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ የወረደ ዝናብ ሁለት ገጽ ቆጠራዬን ወደ ሰማያዊ ኩሬ ከለወጠብኝ በኋላ በእርሳስ እንጂ በሌላ አልጽፍም።

ሁለተኛው ኢበርድ ነው፤ በዚህ ንጽጽር ውስጥ ሰፊውን ቦታ የምሰጠውም ለእሱ ነው። ኢበርድ በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ላብራቶሪ ከኦዱቦን የአእዋፍ ጥበቃ ማኅበር ጋር በ2002 በፈረንጆች አቆጣጠር የጀመረው፣ ማንም ሰው በነጻ የሚጠቀምበት የዓለም አቀፍ የወፍ መዝገብ ነው። በስልክ ላይ የሚጫነው መተግበሪያ የአገሩ የወፍ ዝርዝር አስቀድሞ ከወረደለት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የተመዘገበው ዝርዝር ስልኩ ውስጥ ቆይቶ ኋላ ዋይፋይ ሲገኝ ይላካል። ዳታን በቁጠባ ለሚጠቀም ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ኢበርድን ለፀደያችን ተመራጭ የሚያደርገው አንዲት ጥያቄ ናት። ዝርዝሩን አጠናቀው ሊልኩ ሲሉ መተግበሪያው፣ ለይተው ያወቋቸውን ወፎች ሁሉ አስገብተው እንደሆነ ይጠይቅዎታል። «አዎ» ካሉ ዝርዝሩ ሙሉ ዝርዝር ይባላል፤ ይህም ማለት በዝርዝሩ ያልገባው ወፍ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ፣ በዚያን ያህል ደቂቃ ፍለጋ አልተገኘም ማለት ነው። ባዶው ሣር ተመዘገበ። «አይ» ካሉ ደግሞ የተመዘገበው ያዩት ብቻ ነው፤ ያላዩት ስለመኖሩም ሆነ ስላለመኖሩ መዝገቡ አንዳች ነገር አይናገርም። ብዙ ጀማሪዎች ያማረውን ወፍ ብቻ መርጠው ቁራውንና እርግቡን ይተዋሉ፤ ከዚያም ጥያቄውን ሳያነቡ «አዎ» ይላሉ። ይህ ሐሰተኛ መዝገብ ነው። ቁራ አልነበረም ያሉት አዲስ አበባ ላይ ነውና!

ለመሀል ከተማ ነዋሪ ከጉዞ ዝርዝር ይልቅ የአንድ ቦታ ዝርዝርን እመክራለሁ። ኢበርድ የአንድ ቦታ ቆይታ የሚለው ከቆሙበት በ30 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ የሚደረገውን ነው። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን፣ ለተመሳሳይ 20 ደቂቃ ተቀምጦ የሚሠራ ዝርዝር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲደረደር የመሄዱን መስመር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ሁለት ሰዓት እየዞሩ የሚሠራው አንድ ዝርዝር ደግሞ የወፉን ዓይነት ያበዛል እንጂ ከሌላ ሳምንት ጋር አይነጻጸርም። ቁጥርም ይጻፍ። መተግበሪያው ከቁጥር ይልቅ መኖሩን ብቻ የሚያመለክት ምልክት ይቀበላል፤ ነገር ግን ከአሥራ አምስት ወደ ሁለት የወረደ ቆጠራ የሚነግረንን ያ ምልክት አይነግረንም።

ኢበርድ ላይ ለእኛ ብቻ የተዘጋጀ የሚመስል ወጥመድ አለ፤ እሱም ሰዓታችን ነው። በስፍራው ሆነው ዝርዝሩን ከጀመሩ ስልኩ ሰዓቱን ራሱ ስለሚይዝ ችግር የለም። ከደብተር ወደ መተግበሪያ ሲገለብጡ ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ያሉት በፈረንጆች አጻጻፍ 7፡10 መሆኑን መርሳት ቀላል ነው። እኔ ረስቼ ነበር። ከወራት በኋላ የራሴን ዝርዝሮች ስመለከት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከ10 ላይ፣ በድቅድቅ ጨለማ፣ ዐሥራ አንድ እርግብና ሦስት ጭልፊት የቆጠርኩ ሰው ሆኜ ተገኘሁ። ቀኑም እንደዚሁ ነው፤ መጋቢት 26 ኤፕሪል 4፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ደግሞ ሜይ 9 መሆኑን ደብተሩ ሽፋን ላይ ጽፎ መያዝ ከብዙ ስሕተት ያድናል። በደብተር ሲጽፉ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ቢያሰፍሩ ይበልጥ ይሻላል።

ሌላው እንቅፋት ስም ነው። መተግበሪያው የሚፈልገው የዝርያውን ስም ነው፤ የእኛ የዕለት ተዕለት አማርኛ ደግሞ ብዙ ዝርያዎችን በአንድ ስም ይጠቀልላል። ቁራ ስንል ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለውን ባለ ወፍራም መንቁሩን የደጋ ቁራ ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ደረቱ ነጭ የሆነውም ያው ቁራ ነው። በቤተ ክርስቲያን ጣሪያና በድሮ ሕንፃዎች ላይ የሚያድረው ግራጫ እርግብ የማጅራቱ ነጭ መቀነት ሲታይ፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኘው ኋይት-ኮላርድ ፒጅን መሆኑ ይታወቃል፤ ሲበር ክንፉ ላይ የሚታየው ነጭ ምልክትም ያጋልጠዋል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን ጭልፊት ነው። ከሥጋ ቤት ደጃፍ የማይጠፋው፣ መንቁሩ ቢጫ የሆነው ጭልፊት የአፍሪካ ወገን ነው፤ በበጋ ወራት ከሰሜን መጥቶ የሚቀላቀለው ዘመዱ መንቁሩ ጥቁር ነው፤ በፀደይም የሚሄደው እሱ ነው። ታዲያ መንቁር ብቻ አይቶ መፍረድም አይቻልም፤ የነዋሪውም ወጣት መንቁሩ ጥቁር ነውና። ኢበርድ በጎኑ የሚመሰገንበት አንዱ ነገር ይህን አለማወቅ መቀበሉ ነው፤ ጭልፊት መሆኑን አውቀው የትኛው ወገን እንደሆነ ካልለዩ፣ ወይም ከነጭራሹ አዳኝ ወፍ ከማለት ያለፈ ማለት ካልቻሉ፣ እንዲያው በጥቅሉ ማስገባት ይቻላል። ያልለዩትን እንደለዩ አድርጎ መጻፍ ከመተው የባሰ ነው።

ሦስተኛው አይናቹራሊስት ሲሆን፣ አሠራሩ ከኢበርድ በመሠረቱ ይለያል። እዚህ የሚቀርበው ዝርዝር ሳይሆን ማስረጃ ነው፤ አንድ ፎቶ ወይም የድምፅ ቅጂ ከቀኑና ከቦታው ጋር ይጫናል፤ መተግበሪያው ራሱ ግምት ይሰጣል፤ ከዚያም ሌሎች ተጠቃሚዎች ይስማማሉ ወይም ያርማሉ። ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሆኑት ከተስማሙ መዝገቡ ለምርምር የሚበቃ ደረጃ ያገኛል። ወፉን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የሚሻል አስተማሪ አላውቅም፤ አበባውንም፣ ቢራቢሮውንም፣ እንሽላሊቱንም በዚያው መጠየቅ ይቻላል። ለፀደያችን ጥያቄ ግን መልስ የለውም። የወፍ ፎቶ የወፉን መኖር ያረጋግጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ፎቶ አለመጫኑ ወፉ ስለሄደ ይሁን፣ ባለካሜራው ሠርግ ስላለበት ይሁን፣ የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ ከላይ የጠቀስኩት የካሜራ ነገር አለ፤ በስልክ ካሜራ ከዛፍ ጫፍ ላይ ያለች ወፍ ነጥብ ከመሆን አታልፍም። እኔ የምጠቀምበት ደብተሬ ላይ የጥያቄ ምልክት ላስቀመጥኩባቸው ወፎች ብቻ ነው፤ ለዚያ ሥራ ግን አይተካም።

ስለመለየት ከተነሣ፣ ያው የኮርኔሉ ላብራቶሪ ያወጣው ሜርሊን የሚባል መተግበሪያ ድምፅ ሰምቶ ወፉን ይገምታል። ጥንካሬው በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ወፎች ላይ ስለሆነ ጎህ ሲቀድ እየተንጫጩ የሚያልፉትን፣ መንቁራቸው ረጅምና ቆልማማ የሆነውን የእኛን አይቢሶች አውቃለሁ ቢልዎት ማረጋገጫ አይሁንዎ። የሚገርመው ግን በፀደይ ጥቅሙ ከፍ ይላል። ዊሎው ዋርብለር የምትባለው ትንሽ አረንጓዴ ወፍ ከመነሣቷ በፊት እዚሁ መዘመር ትጀምራለች፤ ያ ዜማ ደግሞ መተግበሪያው አሳምሮ የሚያውቀው የአውሮፓ ዜማ ነው።

አራተኛው ቴሌግራም ነው። ሰው የሚገኘው እዚያ ስለሆነ ማጋራት በሚለው በኩል የሚወዳደረው የለም። አንድ ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በቀበና ወንዝ ዳር አንድ እንግዳ ወፍ እንዳየ ቢጽፍ፣ በምሳ ሰዓት ሦስት ሰው እዚያ ሊቆም ይችላል፤ ክርክሩም፣ ቀልዱም፣ ማስተማሩም ያለው በአማርኛ ነው። እንደ መዝገብ ሲታይ ግን ቴሌግራም ወንፊት ነው። «ዛሬ በጣም ብዙ ነበሩ» የሚል መልእክት ስንት፣ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለውን አይዝም፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከሰላምታና ከበዓል መልካም ምኞት መካከል ፈልጎ የሚያወጣው የለም። አንድ ሊታወቅ የሚገባው ነገርም አለ፤ ፎቶ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ የቀንና የቦታ መረጃውም ይቀራል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ካሜራው የመዘገበው ሎኬሽን ካለ አብሮ ይሄዳል። ወፉን ለይቶ ለሚነግርዎ ሰው ጥራቱን የጠበቀ ፋይል መላክ ጥሩ ነው፤ ለሁለት ሺህ ሰው የጎጆን አድራሻ ማደል ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የቀሩትን ባጭሩ ልለፋቸው። በርድላሰር የተባለው የደቡብ አፍሪካ መተግበሪያ ከአፍሪካ የወፍ አትላስ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ አትላሱ መሬትን በአምስት ደቂቃ (ደቂቃ እዚህ የዲግሪ ስልሳኛ ክፍል ነው) ኬክሮስና በአምስት ደቂቃ ኬንትሮስ ሳጥኖች ይከፍላል፤ በአንዱ ሳጥን ቢያንስ ሁለት ሰዓት የተሟላ ቆጠራ ይጠይቃል። ለአገር አቀፍ ካርታ ድንቅ ዘዴ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ የአንዱ ሳጥን ወርድ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ መስቀል አደባባይ፣ ካዛንቺስ፣ 4 ኪሎና 6 ኪሎ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያርፋሉ፤ የአንድ ግቢ ሣር መቼ ባዶ እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ባለ ወንፊት አያጣራም። ዜኖ-ካንቶ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ የወፍ ድምፅ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ ነው፤ ማይክሮፎንና ትዕግሥት ላለው ሰው እንጂ በታክሲና በመኪና ጩኸት መካከል ለሚኖር የፒያሳ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም።

ከማጋራት በፊት የሚነሣ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ሁሉም መዝገብ ለሁሉም ይታይ ወይ? ፊቱ ላባ የሌለው፣ ሮዝ መልክ ያለው ትንሹ ጥንብ አንሳ፣ ሁድድ ቨልቸር የሚባለው፣ ለእኛ የዘወትር ጎረቤት ቢመስልም በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ነው፤ ከምክንያቶቹ መካከል መመረዝና ለባህላዊ መድኃኒት ሲባል መታደን ይገኙበታል። በዚህ በኩል አይናቹራሊስት ከሁሉም ይሻላል፤ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ቦታ ወርዱ 20 ኪሎ ሜትር ከሚያልፍ ሳጥን ውስጥ በዘፈቀደ አስቀምጦ ይሰውራል። ኢበርድም ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸውን ዝርያዎች የሚሸፍንበት አሠራር ቢኖረውም፣ በዝርዝር ላይ ነጥቡን የሚተክሉት እርስዎ ነዎት። የጎጆ ዛፍ ካገኙ ነጥቡን ከዛፉ ላይ ሳይሆን ከአደባባዩ ወይም ከግቢው አጠቃላይ ስም ላይ ይትከሉ። ከቤትዎ በረንዳ የሚቆጥሩ ከሆነም ነጥቡ በቤትዎ ጣሪያ ላይ አይሁን፤ በዚያ ላይ ስምዎና የሚገኙበት ሰዓት ይነበባል።

እንግዲህ ምርጫው በእጅዎ ባለው ነገር ይወሰናል። ስማርት ስልክ ከሌለዎት ወይም በቢሮ ግቢ ስልክ ማውጣት የማይፈቀድ ከሆነ ደብተሩ በቂ ነው፤ ወር ሲሞላ ከሚያምኑት ሰው ጋር ሆነው ወደ ኢበርድ ይገልብጡት፤ የቆዩ ዝርዝሮችም ከእነ ቀናቸው ይገባሉ። ልጆች ይዘው የሚወጡ ከሆነ፣ ፎቶ የማንሣት ችግር በሌለበት መናፈሻ፣ በአይናቹራሊስት ይጀምሩ፤ ልጅ ባዶ ሣር መቁጠር አይወድም። በሳምንት አንድ ጠዋት 20 ደቂቃ ያለው ሰው ግን እርሳስና ደብተር ይዞ ወጥቶ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ሳለ በኢበርድ ሙሉ ዝርዝር አድርጎ ቢልክ፣ የከበደውን በአይናቹራሊስት ቢጠይቅ፣ ወሬውን ለቴሌግራም ቢያስቀር የምመርጠው ይህንን ነው። በኢበርድ ዓመታዊው ዓለም አቀፍ የቆጠራ ቀን በሜይ ወር በአንድ ቅዳሜ ስለሚውል፣ ለእኛ ሚያዝያ ማለቂያ ወይም ግንቦት መጀመሪያ አካባቢ ነው። በዚያ ቅዳሜ ብዙ ሰው ብዙ ዓይነት ለማየት ከከተማ ይወጣል። እኔ 6 ኪሎ፣ ያው ወንበሬ ላይ ነኝ፤ ባለፈው ዓመት በዚያ ጠዋት ከእርግቡ፣ ከቁራውና ከአይቢሱ ሌላ ስድስት ዓይነት መዝግቤ፣ ከዋግቴል አጠገብ በእርሳስ ዜሮ ጻፍኩ።